70 ሚሊዮን ራስ፣ ስንት ኪሎ?

ባለፈው ፋሲካ በሰፈራችን አሥር አባወራ ሆነን ቅርጫ ገባን። ሰንጋውን ከካራ ገበያ በ130 ሺህ ብር ገዛነው፤ ለአንድ ቤት 13 ሺህ ብር ደረሰ። ቀይ ነው፣ ሻኛው ከስቡ ብዛት ወደ ጎን ዘመም ያለ። ቅርጫ በተባለ ቁጥር ቢላዋ ከእጃቸው የማይለየው የሰፈራችን አዛውንት ጋሼ ዳሌውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ የጎድኑን ሥር በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «ሁለት መቶ ኪሎ ሥጋ አያጣውም» አሉ። ማንም አልተከራከራቸውም።

ከቅዳሴ መልስ፣ ገና ሳይነጋ ታረደ። ጎህ ሲቀድ አሥሩ መደብ በኮባ ቅጠል ላይ ተደርድሯል፤ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከዳቢቱም፣ ከፍሪምባውም ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ጋሼ ሁለቴ ሦስቴ እየዞሩ አንዱን ቀነስ ሌላውን ጨመር ያደርጋሉ። ከዚያ እያንዳንዳችን ከኪሳችን ምልክት አወጣን፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ የክብሪት ቀፎ። አንድ ሕፃን ተጠርቶ በየመደቡ ላይ አኖረልን። ዕጣ ማለት ይኸው ነው።

የደረሰኝን ይዤ በሰፈራችን ሱቅ በኩል ሳልፍ ባለሱቋን አስፈቅጄ በስኳሩ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 14 ኪሎ። በአሥር ሲባዛ 140። ቆዳው፣ ጭንቅላቱና የሆድ ዕቃው ሳይቆጠር፣ አንዱ ኪሎ ከ900 ብር በላይ ወጥቶበታል። ጋሼ እንዳሉት 200 ኪሎ ቢሆን ኖሮ 650 ብር ነበር። ስድሳ ኪሎ ሥጋ በዐይን ታይቶ በሚዛን ጠፋ።

ጋሼን አልወቅስም። ዐይናቸው በሰፈሩ የተመሰከረለት ነው። ግን ሰንጋውን ያደለበው ገበሬ ክብደቱን አያውቀውም፣ ያሻሻጠው ደላላም አያውቀውም፣ እኛም አላወቅነውም። 130 ሺህ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ በመካከሉ አንድም ሚዛን አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የአገሪቱን ከብት በቁጥር ሳይሆን በኪሎ ማሰብ የጀመርኩት፤ ባሰብኩት ቁጥርም ይበልጥ ይገርመኛል።

እስቲ ከቁጥሩ እንነሳ። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው የግብርና ናሙና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ከ70 ሚሊዮን በላይ የዳልጋ ከብት አለ። ከአፍሪካ አንደኛ። 70 ሚሊዮን ሲባል ጆሮ ያልፈዋል፤ እንዲህ ብናየውስ? አንድ ሰው በመስከረም 1 ቀን ንጋት በአንድ በረት በር ላይ ቆሞ ከብቱን በሰከንድ አንድ እያሳለፈ ይቁጠር። አይተኛም፣ አይበላም፣ ሌሊትም ይቆጥራል። እንቁጣጣሽ ተመልሳ ትመጣለች፣ ሁለተኛዋም ትመጣለች፣ እሱ ገና እየቆጠረ ነው። የመጨረሻዋ ላም በበሩ የምታልፈው በሦስተኛው ዓመት በኅዳር ጽዮን ነው። ቆጠራው ሲጀመር ያልተወለዱ ጥጆች ጊደርና ወይፈን ሆነው ያገኛቸዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ሚዛኑ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት በሚያወጣቸው አኃዞች፣ ኢትዮጵያ በዓመት የምታገኘው የበሬ ሥጋ ወደ 400 ሺህ ቶን ይጠጋል። በአማካይ አንድ የታረደ ከብት ከነአጥንቱ 108 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የእኛ የፋሲካ ሰንጋ እንግዲህ ከአማካዩ በላይ ነበረ። አውስትራሊያ ያላት ከብት 30 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ከእኛ ግማሽ አይሞላም። በ2024 እ.ኤ.አ. ያመረተችው ሥጋ ግን 2.5 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው፤ ከግማሽ ባነሰ ከብት ስድስት እጥፍ ሥጋ።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የአሜሪካው ታሪክ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. አሜሪካ 132 ሚሊዮን ከብት ነበራት፤ በታሪኳ ከዚያ በላይ ኖሯት አያውቅም። በጥር 2025 ሲቆጠር 86.7 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ፤ ከ1951 ወዲህ እስከዚያ ድረስ ዝቅተኛው ቁጥር ነበር። 45 ሚሊዮን ከብት ጎደለ ማለት ነው። ሥጋውስ? በ1975 ወደ 11 ሚሊዮን ቶን ያመረተች አገር በ2024 ከ12 ሚሊዮን ቶን በላይ አመረተች። ከብቱ ሲቀንስ ሥጋው ጨመረ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ከብት ከበደ። ዛሬ በአሜሪካ ቄራ የሚሰቀል አንድ በሬ በአማካይ 380 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የእኛን ሦስት ከግማሽ። እነሱ ከመቶ ከብት በዓመት 37 ያህሉን ያርዳሉ፣ እኛ ከመቶ ስድስት ያህሉን። ስለዚህ ከእኛ እምብዛም በማይርቅ የከብት ብዛት ሠላሳ እጥፍ ሥጋ ያገኛሉ።

የእኛ ከብት ይህን ያህል ሥጋ ከሰጠ ምን ያህል ይበላል? ይህን ስሌት በራሴ እጅ ሠርቼ ውጤቱን ባየሁ ጊዜ እርሳሴን አስቀምጬ እንደገና ጀመርኩት። ጥጃውንም በሬውንም አማክለን፣ አንዱ ከብት በቀን አምስት ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል እንበል፤ ይህ የተጋነነ ግምት አይደለም። 70 ሚሊዮን በአምስት ሲባዛ 350 ሚሊዮን ኪሎ፣ ማለትም 3.5 ሚሊዮን ኩንታል ይሆናል። በአንድ ቀን። የዓመቱ ሥጋ ደግሞ 4 ሚሊዮን ኩንታል ነው። መንጋችን በዓመት የሚሰጠንን ሥጋ የሚያህል ክብደት በአንድ ቀን ከጥቂት ሰዓት በልቶ ይጨርሳል፤ የቀረውን የዓመቱን ቀን ሁሉም መብላቱን ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ግን በሬውን እንዳልበድለው እፈራለሁ። የኢትዮጵያ በሬ ለሥጋ ተብሎ አያድግም። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ የሚውል ሠራተኛ ነው። በአማርኛ መሬት የሚለካው በእሱ ጉልበት መሆኑን ልብ ይሏል፤ አንድ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው ነው፣ ሩብ ሄክታር ገደማ። ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን አራት ጊዜ ቢያርስ፣ ለአንድ ሄክታር ብቻ በሬዎቹ 16 ቀን ቀንበር ሥር ይውላሉ። እንዲህ ዓመት ከዓመት ሠርቶ፣ ዕድሜው ገፍቶ፣ ትከሻው በቀንበር ተልጦ ነው ወደ ገበያ የሚወጣው። ላሟም እንደዚሁ ናት። መጀመሪያ የምትወልደው አራት ዓመት ካለፋት በኋላ፣ ቀጥላ የምትወልደው በሁለት ዓመቱ፣ የምትሰጠው ወተት በቀን አንድ ሊትር ተኩል አካባቢ። ኩበቷ ይነደዳል፣ ጥጃዋ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ባለቤቷ ባንክ ደብተር የለውም፤ ደብተሩ በረት ውስጥ ታስሯል። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲደገስ ይሸጣል። ዋጋ ስለተወደደ የሚሸጥ ገበሬ ብዙ አላየሁም፤ ስለቸገረው የሚሸጥ ነው የሞላው። ስለዚህም የገበያ ዋጋ ቢጨምር ወደ ገበያ የሚወጣው ከብት በዚያው ልክ አይጨምርም።

ዝርያው ደካማ ስለሆነ ነው የሚሉ አሉ። በዚያው በ2013ቱ ጥናት ከመቶው 97 የሚሆነው ከብታችን የአገር ዝርያ ነው። ግን የቦረናን ከብት እዩት። ያው ዝርያ ወደ ኬንያ ተሻግሮ በትልልቅ የርባታ ጣቢያዎች ተመርጦና ተቀልቦ፣ ኮርማው ከ500 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዘሩ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ተወስዷል። ደሙ አንድ ነው፣ የተለየው የሚበላው፣ የሚጠጣውና የሚታከመው ነው።

መኖውን በቅርብ ያየሁት አዳማ አካባቢ ባለ አንድ ማድለቢያ ነው። ግቢው በሞላሰስ ጣፋጭ ሽታና በእበት የታፈነ ነው። ወይፈኖቹ ከቦረና በአይሱዙ ተጭነው ሲመጡ ጎድናቸው ይቆጠራል፤ ወገባቸው ላይ እጄን ሳሳርፍ አጥንት እንጂ ሥጋ አይነካም። ለ90 ቀን ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጭድና ከስኳር ፋብሪካ የመጣ ሞላሰስ ይቀርብላቸዋል። አንድ 300 ኪሎ የሚመዝን ሰንጋ በቀን ስምንት ኪሎ ያህል ይበላል፤ በሦስት ወር ሰባት ኩንታል አለፈ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ የሚጨምረው፣ ቀን ከቀና 60 ወይም 80 ኪሎ ነው። «አሁን ትርፉ ያለው ሰንጋው ላይ አይደለም» አለኝ የማድለቢያው ባለቤት፣ የፉርሽካውን ጆንያ በእግሩ ገፋ እያደረገ፣ «ይኼ ላይ ነው።» የዱቄት ፋብሪካው ስንዴ ካጣ ፉርሽካ ይጠፋል፣ የዘይት መጭመቂያው ከቆመ ፋጉሎ ይጠፋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ በኋላ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ። ነዳጅ፣ መድኃኒትና ጎማ ከውጭ ነው የሚመጡት፤ ከብቱ የአገር ውስጥ ነው፣ ወጪው ግን የውጭ።

በዚህ ላይ ጾሙ አለ። ገበያው በጾሙ ይመራል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት የክርስቲያኑ ልኳንዳ ቤት በሩን ይዘጋል ወይም ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ውጪም ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። በሁዳዴ ሰው ይጾማል፤ ሰንጋው አይጾምም። አድላቢው ለፋሲካ አስቦ በጥር የገዛውን ከብት ጾሙን ሙሉ ይቀልባል፤ ሁሉም ያንኑ አስቦ ነውና በዋዜማው ሁሉም በአንድ ላይ ይዞ ይወጣል። በሸጎሌም፣ በካራም፣ በአቃቂም የዓመቱ ተስፋ በሁለት ቀን ይሸጣል ወይም ሳይሸጥ ይቀራል። ያልተሸጠው ሰንጋ ሰኞ ጠዋት እንደገና ስምንት ኪሎ ይፈልጋል።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልውሰዳችሁ፣ ካሰብኩት ጊዜ ጀምሮ ከራሴ ያልወጣ ነገር ነው። ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለው ውሃ ከመደበኛው በታች ቀዘቀዘ። ሊቃውንቱ ላኒና ይሉታል፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ መደጋገሙ እምብዛም ያልተለመደ ነበር። የዚያ ውሃ መቀዝቀዝ ያስከተለው የነፋስ ለውጥ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መታ። አንዱ በአሜሪካ የቴክሳስና የኦክላሆማ ሜዳ ነው። ሌላው ቦረና።

በቴክሳስ ሣሩ ሲደርቅ አርቢዎቹ ላሞቻቸውን ጭምር ወደ ቄራ ላኩ። የመንጋው ቁጥር ወርዶ ወርዶ ያ የ1951ኛው ዓመት ደረጃ ላይ የደረሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ከዚያ ግን ዋጋው ተነሳ። በ2025 እ.ኤ.አ. አጋማሽ የተፈጨ ሥጋ በአሜሪካ አንዱ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላው፣ ከስድስት ዶላር በላይ ሆነ፤ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለእንግዳ ክትፎ የሚያቀርቡ ወገኖቻችን ይህን በኪሳቸው አይተውታል። እዚያም አርቢው በአራት ታላላቅ የቄራ ኩባንያዎች እጅ ነው፤ ከደለበው ከብት ከመቶ 85 ያህሉን የሚያርዱት እነሱ ናቸው፣ እሮሮውም ብዙ ነው። ቢሆንም ከብቱን ከመሞቱ በፊት በሚዛን ሸጧል፤ የቀረውንም በታሪክ ባልታየ ዋጋ ይሸጣል።

ቦረና በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚዘንብለት። ዝናቡ አምስት ጊዜ ተከታትሎ ቀረ። ሰዎች ተሰልፈው፣ እየዘፈኑ፣ ከእጅ ወደ እጅ ውሃ የሚያወጡባቸው የቱላ ጉድጓዶች ነበሩ፤ በጉድጓዱ ዙሪያ ግን የሚበላ ሣር አልነበረም። የዱብሉቅና የሀሮ ባኬ ገበያዎች በከብት ተጥለቀለቁ። ሁሉም ይሸጣል፣ ገዢ የለም። ሰው ጠዋት ተነስቶ መቆም ያቃታትን ላም ለአራት ለአምስት ሆኖ በጭራዋና በቀንዷ ደግፎ ያነሳል፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ትወድቃለች። ከከብቱ ዋጋ መውረድ ጋር የበቆሎው ዋጋ ይወጣል፤ የአንድ በሬ ዋጋ ትናንት ቤተሰቡን ወራት የሚያሻግር እህል ይገዛ የነበረው፣ ያን ጊዜ ጥቂት ሳምንት አላሻገረም። በመላው አገሪቱ በዚያ ድርቅ የሞቱት የቤት እንስሳት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። በረቱ ላይ ቆሞ የሚቆጥረው ሰውዬ እነዚህን ብቻ ለመቁጠር ሰባ ቀን ያስፈልገዋል፤ ያውም ሌት ተቀን። ዝናቡ ሲመለስ፣ ዋጋውም ሲወጣ፣ የሚሸጥ ከብት የነበረው የቦረና አባወራ ጥቂት ነበር። አንዱ ውቅያኖስ ለሁለት አርቢ የሰጠው ዕዳ እኩል አልነበረም፤ ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ኢትዮጵያ ከዚህም የከፋ አይታለች። በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቡት ከብት ጋር አንድ በሽታ ገባ። በአማርኛ ስሙ ደስታ ነው፤ ይህን ስም ማን እንዳወጣለት ባስብ ባስብ አይገባኝም። ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ። ጥማድ ጠፋ፣ መሬቱ ጦም አደረ፣ ክፉ ቀን ተብሎ የሚጠራው ረሀብ እስከ 1884 ዘለቀ። አፄ ምኒልክ ሕዝቡ በእጁ መቆፈር እንዲለምድ ራሳቸው ዶማ አንስተው ቆፍረዋል። ያ በሽታ ዛሬ በምድር ላይ የለም። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው በአፋር በረሃ ከመንጋ ወደ መንጋ በእግራቸው የዞሩት አርብቶ አደር የከብት ጤና ሠራተኞች ናቸው ያጠፉት። በ2011 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ከመላው ዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ያን የመሰለ ሥራ የሠራ አገር አፍተግርን ገና አልቻለም። አፍተግር ያን ያህል አይገድልም፤ ምላሱንና ሰኮናውን ያቆስላል፣ ከብቱ መብላት ያቆማል፣ ከዚያ ይድናል። ነገር ግን በሽታው ባለበት አገር ላይ ዋጋ የሚከፍሉት የሥጋ ገበያዎች በራቸውን ይዘጋሉ። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በአውሮፕላን የሚሄደው ሥጋችንም በአብዛኛው የበግና የፍየል ነው፤ ከብቱ በቁሙ፣ ብዙው ሳይመዘገብ፣ በሞያሌና በምሥራቁ ድንበር ያልፋል።

አሁን የመጨረሻውን ስሌት ልሥራ። በዓመት አራት ሚሊዮን ያህል ከብት እናርዳለን። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ኪሎ ብቻ ቢጨመር 40 ሚሊዮን ኪሎ ነው። አንድም ከብት ሳይጨመር። ያንኑ ሥጋ በቁጥር እናምጣ ካልን ግን 370 ሺህ ተጨማሪ ከብት መታረድ አለበት፣ ያን ያህል ለማረድ ደግሞ አሁን በምናርድበት ልክ ስድስት ሚሊዮን ከብት መጨመር ሊኖርብን ነው። ለስድስት ሚሊዮን ከብት የሚሆን ሣር የትኛው ሜዳ ላይ ነው ያለው?

በመስከረም ለመስቀል ዳግመኛ ቅርጫ ስንገባ ካራ የሄድኩት ገመድ ይዤ ነው። የከብት ሐኪሞች ክብደት የሚገምቱበት መንገድ አለ፤ ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን ለክተህ በራሱ ታባዛዋለህ፣ ያንን ከትከሻው እስከ መቀመጫው ባለው ርዝመት ታባዛለህ፣ በ10,838 ታካፍላለህ፣ ሁሉም በሴንቲሜትር። ሻጩ ከሰሜን ሸዋ በእግሩ የነዳው ገበሬ ነው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ከሁለት በሬዎቹ መካከል ቆሟል። ደላላው «ምን ሊያደርግ ነው?» ብሎ ተቆጣ። ገበሬው ግን በሬውን በቀንዱ ያዘልኝ። ገመዱን አዞርኩ፣ ከልብስ ሰፊ ሜትር ጋር አስተያየሁት፣ 160 ሆነ። ርዝመቱ 130። በስልኬ አሰላሁት፤ 307 ኪሎ በቁሙ፣ ሥጋው ግማሹ ነው ቢባል 150 ገደማ።

«ስንት ነው አልክ?» አለኝ ገበሬው።

ደግሜ ነገርኩት። ዝም ብሎ በሬውን አየው፣ ከዚያ ደላላውን አየው። አምስት ዓመት አርሶበታል፣ ሦስት ወር ቀልቦታል፣ ክብደቱን በቁጥር ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሁለተኛውን በሬ ገመድ ሳብ አድርጎ ወደ እኔ አቀረበው።

«ወንድሜ፣ ይኼንንም ለካልኝ እስቲ።»